ከታብሌት የተነበበ ቃል

ዓይናለም ወሬውን የሰማችው ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጎንደር ገበያ መሀል ጎንበስ ብላ ድንች ስትመርጥ ነው። ሻጯን ቀና ብላ ብታይ እትዬ ባንቺአየሁ ናቸው። ከኮሶዬ አለፍ ብላ ገደሉ ጫፍ ላይ ከተቀመጠችው ጥድ አፋፍ ከምትባል ጎጥ የመጡ፣ ዓይናለም ለጥናት በሄደችበት በካቻምናው ግንቦት ወር ሙሉ እንደ ልጅ ያኖሯት ሴት። አገላብጠው ሳሟትና፣ ምነው በዚያው ቀረሽ፣ የዘጋው መንገዱ ነው ወይስ ሆድሽ፣ አሏት።

ሳቀች። ስለ ገብሱ ጠየቀች፣ ስለ ውርጩ ጠየቀች፣ ስለ ባለቤታቸው ስለ አያ ክንዱ ጠየቀች። ሁሉም ደኅና ነው አሏት። ቀጥላ ጎረቤታቸው አያ ሙሉሰው እንዴት እንደሆኑ ስትጠይቅ ግን የእትዬ ባንቺአየሁ እጅ ድንቹ ላይ ቆመ።

አያ ሙሉሰው አገር ለቀዋል። በሬያቸውን ሸጠው፣ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ እንፍራንዝ ልጃቸው ፅዮን ዘንድ ወርደዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሰዎች አንዳንድ በሬያቸውን አቀናጅተው፣ ዛሬ የአንተን ነገ የእኔን እየተባባሉ ሲያርሱ ኖረው፣ ካቻምና ሰኔ ሲገባ ባንዱ ጧት አያ ክንዱ በሬያቸውን ፈተው ወሰዱ። ከእንግዲህ ከሙሉሰው ጋር አልጠምድም አሉ። ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። የንስሐ አባታቸው ገቡ፤ አልሆነም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንዲት ናት፤ ቃል አለብኝ።

"ለማን የገባው ቃል እንደሆነ እግዜር ይወቀው" አሉ እትዬ ባንቺአየሁ። "እኔ ሚስቱ እንኳ አላውቅም።"

ዓይናለም የመረጠችውን ድንች ሳትይዝ ሄደች። ቃሉ ለማን እንደተገባ ታውቃለች። የተገባው ለእሷ ነው።

ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ በተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ያንን ግንቦት ከመጀመሪያው ጀምራ አሰበችው።

ጥናቱን ያመጣችው ዶክተር ማርተ የምትባል ከወደ ሰሜን አውሮፓ የመጣች ሴት ነበረች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ቁንጫ ሲበላት ትስቃለች፤ ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫዋ ትነሣለች፤ እንደምን አደራችሁ ማለትን በሁለት ቀን ለምዳለች። ማወቅ የፈለገችው ነገርም በወረቀት ላይ ሲታይ ሸጋ ነበር። ገበሬ የሰብል መድን የሚገባው በጎረቤቱ ሲተማመን ነው ወይስ ተስፋ ሲቆርጥ? ይህን ለመለየት ገበሬው ሁሉ ለብቻው ይጠየቃል። ጎረቤትህ በሬ ቢሞትበት ታውሰዋለህ ወይ ይባላል። ከዚያ በኋላ ታብሌቱ ራሱ ዕጣ ያወጣል። ዕጣው ለወጣበት ሰው፣ ጎረቤቱ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትነበብለታለች፤ "ጎረቤትዎ በችግርዎ ቀን በሬውን እንደማያውስዎት ነግሮናል።" ቀጥሎ ስለ መድኑ ይጠየቃል። የሰማውን ለማንም እንዳይናገርም ቃል ይገባል፤ ወሬው ከወጣ የሌላውን መልስ ያበላሻልና።

ለጠያቂነት የተቀጠሩት ሠልጣኞች በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይህን ሲሰሙ ዓይናለም እጇን አውጥታ፣ ይኼ ውሸት አይደለም ወይ፣ ብላ ጠይቃ ነበር። ዶክተሯ ጥያቄውን አልናቀችውም። ውሸት ነው፣ ግን ጊዜያዊ ነው አለች። በሁለተኛው ዙር፣ በዓመቱ ተመልሰን ለእያንዳንዱ ሰው እውነቱን እንነግራለን። የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ መርምሮ ጉዳቱ አነስተኛ ነው ብሎ ፈቅዷል። የቀጠራቸው የጎንደሩ ድርጅት አስተባባሪ ቢሻው ደግሞ በጨዋታ መልክ፣ በአገራችሁ ሠርታችሁታል ወይ፣ አላት። አዎ፣ አለች፤ እዚያ የምንሠራው ተማሪዎች ላይ ነው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እውነቱ ይነገራቸዋል።  ያ አንድ ሰዓት እዚህ ሲመጣ ለምን አንድ ዓመት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ዓይናለምም አልጠየቀችም። ሥራ ካገኘች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር።

ጥድ አፋፍ ላይ ሁለቱን ጎረቤታሞች የጠየቀቻቸው በአንድ ቀን ነው። ጧት አያ ሙሉሰውን፣ ከሰዓት አያ ክንዱን። ዕጣው የወጣው ለአያ ክንዱ ነበር። ዓረፍተ ነገሯን ከታብሌቱ አነበበችላቸው። አያ ክንዱ፣ "ሙሉሰው ነው እንዲህ ያለ?" አሏት። ስም መናገር አይፈቀድም፤ ታብሌቱ ላይ አቀረቀረች። በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ግን አያ ክንዱ ከአንድ ሰው በቀር ጎረቤት የላቸውም። ከዚያ የመድኑን ጥያቄ ጠየቀቻቸው። እገባለሁ አሉ። ማታ ከእነሱው ቤት ራቷን በላች።

በነሐሴ ጦርነት ሆነ። መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ተቆረጠ፣ ፈረንጆቹ በተገኘው አውሮፕላን ወጡ። በዓመቱ የሚመጣው ዙር አልመጣም። ዓይናለም በየጊዜው ትዝ ሲላት፣ ይኼኔ ሌላ ሰው ነግሯቸው ይሆናል እያለች ራሷን አታልላለች።

ያን ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ግን ለዶክተር ማርተ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ደብዳቤው ደግ ነበር። በጣም ማዘኗን፣ የዓይናለምን ደኅንነት ሁልጊዜ እንደምታስብ ገልጻለች። ሆኖም የሁለቱ ሰዎች ጠብ ከጥናቱ የመጣ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። ሁለተኛው ዙር ሳይሰበሰብ እውነቱ ከተነገረ ደግሞ የሁለት መቶ ቤተሰብ መረጃ ከንቱ ይሆናል። መንገዱ ሲከፈት ሁሉም በዕቅዱ መሠረት ይነገረዋል። እስከዚያው እባክሽ ታገሺ።

ዓይናለም "መንገዱ ሲከፈት" የሚለውን ደጋግማ አነበበች። እትዬ ባንቺአየሁ በዚያው መንገድ ድንች ጭነው መጥተው ነበር።

ቢሮ ሄዳ ለቢሻው ነገረችው። ቢሻው በር ዘጋና ወንበር ሰጣት። የሚስጥር ውል መፈረሟን አስታወሳት። ከፋሲካ በኋላ አዲስ ሥራ እንደሚመጣና ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ነገራት። እሱም ልጆች እንዳሉት፣ ድርጅቱ በፈረንጆቹ ሥራ እንደሚተዳደር ነገራት።

"እውነትም ጊዜ አለው ዓይኔ" አለ በመጨረሻ። "አሁን ብትናገሪ የሚድን ሰው የለም። የምትጎጂው አንቺው ነሽ።"

ተነሣች። ስትወጣ ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ ኮሶዬ ወረደች። ከአስፋልቱ እስከ ጥድ አፋፍ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ያኔ ስትመላለስበት ልጅ አዋቂው እየጠራ ያስቆማት ነበር፤ ዛሬ የሚያውቃት የለም፣ ወይ ጉም ስለሆነ አላዩዋትም። አያ ክንዱን ከአውድማቸው ጫፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የመንሽ እጀታ ሲጠርቡ አገኘቻቸው። ደስ ብሏቸው ሊነሡ ሲሉ አይነሡ አለቻቸው። ቆማ ነገረቻቸው። ከተቀመጠች እንደማትናገረው ፈርታ ነበር።

"ያኔ ያነበብሁልዎ ሐሰት ነው፣ አያ ክንዱ። አያ ሙሉሰው እንዲያ አላሉም። ማንም አላለም። ዕጣ ነው።"

"የምን ዕጣ?"

እስኪገባቸው አስረዳቻቸው። አያ ክንዱ ቢላዋቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

"በዕጣ መሬት ይከፋፈላል" አሉ ቀስ ብለው። "በዕጣ ማኅበር ይደገሳል። በዕጣ ይዋሻል እንዴ ልጄ?"

ቀና ብለው አዩዋት።

"ያን ቀንም ይቺው አፍሽ ናት። ዛሬስ እውነት እንደምትናገር በምን ልወቅ?"

ይህን ጠብቃ ነበር። ለዚህ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታብሌቱ ቦታ ስላልነበረው ያልተመዘገበ፣ ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው የዚያ ጧት ቃል። አያ ሙሉሰው ለአያ ክንዱ በሬዎን ያውሳሉ ወይ ስትላቸው እንደሳቁ ነገረቻቸው። "የክንዱ በሬ ቢሞት እኔው ራሴ አንገቴን ቀንበር ውስጥ አገባለታለሁ፤ ብቻ እሱ ሲነዳ ጅራፍ ያበዛልና፣ አስቀድማችሁ ምከሩልኝ" ነበር ያሉት። እሷ "አዎ" የሚለውን ነክታ አልፋለች።

አያ ክንዱ ፊታቸውን ወደ ገደሉ መለሱ። ስለ ጅራፉ የሚቀልድባቸው በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ።

እትዬ ባንቺአየሁ ከጓሮ በኩል መጥተው ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። አልተቆጡም። ዓይናለም ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

"ወር ሙሉ ከአንድ ገበታ በልተናል" አሏት። "አንድ ማታ እንኳ አልከበደሽም?"

ከብዶኝ ነበር፣ አለች ዓይናለም። ይነገራቸዋል ብዬ ነው፣ አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ከደብዳቤው የተቀዳ መሰላት። እትዬ ባንቺአየሁ ወደ ቤት ገቡ፤ ግቢ አላሏትም። አያ ክንዱ ሲረጋጉ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ እንፍራንዝ እንድታደርሳቸው።

በማግስቱ ጎንደር መናኸሪያ ተገናኙ። አያ ክንዱ ከአዘዞ ወዲያ ሄደው አያውቁም። መኪናው ቁልቁል እየወረደ አየሩ እየሞቀ ቢሄድም ጋቢያቸውን አልፈቱም፤ በመስኮት ወደ ውጭ ብቻ ያያሉ። ዓይናለም ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር። አንድ ጊዜ ውኃ ስትሰጣቸው ተቀብለው ሳይጠጡ መለሱላት።

የፅዮን ቤት ከመንገዱ ዳር ነው። አያ ሙሉሰው ከጥላ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይለቅማሉ። ዓይናለም መጀመሪያ አላወቀቻቸውም። ደገኛ ሰው ቆላ ሲወርድ ወባ እንደሚቀበለው ታውቃለች፤ ግን በሁለት ዓመት ሰው እንዲህ ያልቃል ብላ አላሰበችም። አያ ክንዱም ከአጥሩ ውጭ ቆመው አዩዋቸው። ከዚያ ጎንበስ አሉና ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አኖሩት። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው አቀርቅረው ገቡ።

አያ ሙሉሰው ከሽንኩርቱ ቀና አሉ። "ክንዱ ነህ?" አሉ።

አያ ክንዱ ድንጋዩን እንደተሸከሙ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ሲያቅታቸው ዓይናለም ሞላችላቸው። አያ ሙሉሰው እስከ መጨረሻው አላቋረጡም፤ ሽንኩርቱን እንኳ መልቀም አላቆሙም። ሲያበቁ ግን እጃቸው ቆመ።

"ሁለት ክረምት ራሴን ስመረምር ኖርሁ" አሉ። "ድንበር ገፍቼበት ይሆን? በልጁ ሠርግ የተናገርሁት ከፍቶት ይሆን? ለቄሱ ያላደረግሁትን ኃጢአት ሳይቀር ተናዘዝሁ። ብለሃል ወይ ብለህ አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት፣ ክንዱ?"

"አትናገር አሉኝ። ቃል ገባሁ።"

"ለማታውቀው ሰው ቃልህን ጠብቀህ የምታውቀውን ሰው ጣልህ።"

 የአያ ክንዱ ላብ ከድንጋዩ ሥር በጆሯቸው አልፎ ይወርዳል።  አያ ሙሉሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ ቀስ ብለው መጡና ድንጋዩን ከጎረቤታቸው አንገት በሁለት እጃቸው አወረዱት። አልተቃቀፉም። ቁርበቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ያኔ ዓይናለም ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣች። አስባው አልነበረም። አንገቷ ላይ ልታደርገው ስትል አያ ሙሉሰው አዩዋት።

"መልሰሽ አኑሪው ልጄ" አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። "አንቺ የተላክሽ ነሽ። ያ ድንጋይ የላከችሽ ሴት ሸክም ነው። እሷ ትምጣ። ተሸክማው ትምጣ፣ እኔም አወርድላታለሁ። አንቺ የሰው ሸክም ይዘሽ ብትቆሚ ምን ብዬ አወርድልሻለሁ?"

ድንጋዩን መልሳ አኖረችው። ፅዮን ከቤት ወጥታ ምሳ ሰጠች፤ ለእሷ ከቤቱ ደፍ ላይ፣ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር። ከሩቅ ሲያወሩ ትሰማቸዋለች፤ ስለ አንድ የሞተ ፈረስ፣ ስለ ሰፈራቸው ምንጭ። አንዴ አያ ሙሉሰው ሲስቁ ሰማች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አያ ክንዱ እዚያው ሊያድሩ ነበር። ዓይናለም ተሰናብታ ብቻዋን ወደ ጎንደር ተመለሰች።

አያ ሙሉሰው በግንቦት ወደ ጥድ አፋፍ ተመለሱ። ዓይናለም ይህን የሰማችው ከሰው ነው። በሬ የላቸውም፤ ጉልበታቸውንም ወባው ወስዶታል። አያ ክንዱ በራሳቸው በሬና ከወንድማቸው ልጅ ባገኙት ሌላ በሬ የሁለቱንም መሬት ያርሳሉ፤ አያ ሙሉሰው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ዘር ይዘራሉ፣ ሲደክማቸውም ከትልሙ መሀል ይቀመጣሉ ይባላል።

የአያ ሙሉሰውን ቃል ዓይናለም ሳታሳምር ለዶክተር ማርተ ጽፋላት ነበር፤ ድንጋዩን ተሸክማ ትምጣ ብለዋል አለቻት። ዶክተሯ በዚህ ጊዜ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ደብዳቤው ካለፈው አጠር ያለ ነበር፤ የጻፈችውም የተጨነቀች ሴት እንደነበረች ያስታውቃል። ጥናቱ እንዳይታተም አድርጋለች። መምጣት ትፈልጋለች፤ ግን ዩኒቨርሲቲዋ ወደዚያ ክልል ለሚጓዝ ሰው መድን አይገባም፣ ያለ መድን ደግሞ መጓዝ አይፈቀድላትም። ከደብዳቤው ጋር ለሁሉም ተሳታፊዎች የሚነበብ ሁለት ገጽ ይቅርታ አያይዛለች፤ ዓይናለም ተርጉማ ብታነብላቸው ታመሰግናለች።

ዓይናለም ተረጎመችው። ጥሩ አድርጋ ተረጎመችው። ከዚያ ወስዳ ልታነበው አልቻለችም። አያ ሙሉሰው ሰው ነበር የጠሩት።

ቢሻው የአዲሱን ሥራ ዝርዝር ሲያወጣ ስሟ አልነበረበትም። ይህን የነገራት የለም፤ አብረዋት በየገጠሩ ያደሩት ልጆች አንድ ቀን ሁሉም አንድ ላይ ወደ እብናት መሄዳቸውን ከስልክ ፎቶ አየች። ጥናቱን ማን እንዳበላሸው ያውቃሉ። ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ ለሻይ ግን አብረዋት አይቀመጡም። አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ በግማሽ ቀን የሚያሠራ የቢሮ ሥራ አገኘች።

ያቺን ዓረፍተ ነገር በራሷ አፍ ያነበበችላቸው ሌሎች አሥር ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩ ከባሕር ማዶ ተቆልፎበት ስለነበር ስማቸውን ያገኘችው ከራሷ ትዝታ ነው። ሥራ በሌላት ቀን ሁሉ ሚኒባስ ትሳፈርና አንዱን ትፈልጋለች። አንዱ ሞቶ አገኘችው፤ ለሚስቱ ነገረቻት። ሌላው አዳምጦ ሲያበቃ ከግቢዬ ውጪ አላት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ግራ ገብቷቸው ምን እንድናደርግ ነው አሏት፤ እሷም አታውቅም ነበር። እንኳየሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ግን በደንብ ሳቀች።

"ኧረ እኔ ያኔም አላመንሁሽ" አለቻት። "ስታነቢ ዓይንሽ መሬት መሬት ያይ ነበር። የማላውቅሽ ሰው ነሽ፣ ጎረቤቴን ግን አውቀዋለሁ።"

ዓይናለም አብራት ለመሳቅ ሞከረች። እንኳየሁ የተጠበሰ ገብስ በእፍኟ ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ገና ብዙ የምታበጥረው ነበራት።  ዓይናለም ወደ አስፋልቱ ወረደች። የሰኔ ደመና ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር፤ ከደባርቅ የሚመጣ መኪና ገና አልታየም። ሻሽዋን አጥብቃ አሰረችና ገብሱን እየቆረጠመች መጠበቅ ጀመረች። አምስት ሰው ይቀራታል።